ስሙ ተይዟል

በዚያ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አዲስ ገቢ ከኮቱ በፊት የሚያወልቀው ስሙን ነው። እሱም ሥራ የጀመረ ቀን ጠዋት ነው ስሙን የተቀማው። ትከሻው በሩን የሚሞላው፣ ድምፁ ከማሽኑ የሚበልጠው አለቃ ከላይ እስከ ታች አየውና ማን እንደሚባል ጠየቀው።

«ዮሐንስ።»

«አይሆንም፣ ተይዟል» አለ አለቃው፣ ስለ ወንበር እንደሚያወራ ሁሉ። «ሌላ የለህም?»

ሌላ አልነበረውም። ሰው መለዋወጫ ስም በኪሱ ይዞ እንደማይዞር ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት አለቃው የትራስ ልብስ የተከመረበትን ጋሪ ወደ እሱ ገፍቶለት ጀርባውን ሰጥቶታል። ከምሳ በፊት ትራስ ሆነ። ትራስ እንደሆነም ዓመታት አለፉ።

ሕጉ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። በዚያ ቤት ሮለር የሚሉት ማሽን አለ፤ አንሶላ በአንድ በኩል እርጥቡን ገብቶ በሌላው በኩል ደርቆና ተተኩሶ የሚወጣበት የጋለ የብረት ጥቅል ነው። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዞ ያጎርሰዋል። ድሮ፣ እሱ ሳይገባ፣ ሁለት ዮሐንሶች ነበሩ አሉ በሮለሩ ላይ የሚሠሩት። አንድ ቀን አለቃው የአንደኛው ጓንት በአንሶላው ሲያዝ ከሩቅ አየና «ዮሐንስ፣ አቁም!» ብሎ ጮኸ። ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ በሁለቱም በኩል አለ። ሁለቱም ግን የተጠራው ያኛው መሰላቸው፤ ተያዩ። በተያዩባት ቅጽበት ጓንቱ ገባ፣ ከጓንቱ ጋር ሁለት ጣት ገባ። ጣቶቹ ቢድኑም ተጣብቀው ቀሩ። ያኛው ዮሐንስ ከሳምንት በኋላ ሥራውን ለቀቀ፤ ጣተ ጥብቁ ዮሐንስ ግን እዚያው አረጀ። አለቃውም ከዚያ ወዲህ አንድ ስም ለአንድ ሰው ብቻ ብሎ ደነገገ። ስሙ በጣቱ ለገዛው ሰው ይሁን፤ እሱ ሲወጣ ደግሞ ከዚያ ስም ባለቤቶች መካከል ቀድሞ የገባው ይውሰደው ተባለ።

ስለዚህ በዚያ ቤት በስሙ የሚጠራው ሽማግሌው ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ስሙ ቢያዝም ባይያዝም፣ ለጥንቃቄ ቅጽል አለው። ምድጃውንና የእንፋሎቱን ቧንቧ የሚቆጣጠረው፣ ከቀዝቃዛ አገር የመጣው ወፍራም ሰውዬ ቦይለር ነው። የቆሸሸውን ልብስ ከየፎቁ አውርዶ ንጹሑን የሚያወጣው ጋሪ ነው። በመስኮቱ ሥር፣ የአላፊ አግዳሚ እግር ብቻ በሚታይባት ጥግ፣ የተቀደደ አንሶላ ስትጠግን የምትውለው ሴት ደግሞ እትዬ ናት። በቃ፣ እትዬ።

ትራስ ነገሩን እያማረረም ቢሆን በሳቅ ነበር የያዘው፤ ልጁ እስክትመጣ ድረስ። ስምንት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ከከተማ ወጣ ብላ ስለምትሠራ የቤቱን ቁልፍ የምትይዘው ልጅቷ ናት። አንድ ቀን ቁልፉን ረስታ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሆቴሉ ጓሮ በር መጣችና ለጥበቃው «አባቴን ጥራልኝ፣ ዮሐንስ ነው ስሙ» አለችው። ጥበቃው ሥራ አዋቂ ነው፤ ወርዶ ዮሐንስን ይዞላት ወጣ። ሽማግሌውን።

ልጅቷ አንዴ አየችውና ይሄ አይደለም አለች። ጥበቃው እዚህ ቤት ሌላ ዮሐንስ እንደሌለ ነገራት። አለ፣ አባቴ ነው አለች። የለም ተባለች። ሽማግሌው በመሐል ቆሞ እጁን በሽርጡ ሲጠርግ፣ ጋሪ አንሶላውን እየገፋ መጣና «ይቺማ የትራስ ልጅ ናት» ብሎ ገላገላቸው። ችግሩ የሆቴሉ እቃ አጣቢ ሴት ልጅም በሩ ላይ እናቷን እየጠበቀች መሆኗ ነው፤ ደግሞ የክፍል ጓደኛዋ ናት። በማግስቱ መምህሩ ስም ሲጠራ፣ የልጅቷን ስም ብሎ የአባቷን ሳይጨርስ፣ ከኋላ ወንበር «ትራስ» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የትራስ ልጅ ናት።

ማታ እራት ላይ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «ስምህን ለዚያ ሰውዬ ለምን ሰጠኸው?» አለችው። «የኔም እኮ ነው።»

ስለ ሮለሩ ነገራት፣ ስለ ሁለቱ ጣቶች ነገራት፣ ስለ ተራው ነገራት። እንደ ዳኛ ዝም ብላ ሰማችውና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ «መቼ ነው የሚመልስልህ?»

«ጡረታ ሲወጣ።»

«መቼ ነው የሚወጣው?»

እዚህ ላይ ነው የሰው ጨጓራ የሚላጠው። ሽማግሌው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ያልወጣው ከማጠቢያው ቤት ነው። አዲሱ ማድረቂያ ይግባና እሄዳለሁ አለ፤ ገባ። ሠራተኞቹ ይልመዱትና አለ፤ ለመዱት። ከዚያ ጉልበቴ ይሻለኝ፣ ደረጃው ይከብደኛል አለ፤ ለመውጣት ይከብዳል የሚለውን ደረጃ ታዲያ በየማለዳው እየወረደው ይመጣ ነበር። ትራስ በሮለሩ ላይ ጓደኛው ነውና ከጠዋት እስከ ማታ ከአንሶላው ወዲያ ማዶ ፊቱን እያየ ይውላል። ደግ ሰው ነው፤ ይሄ ነው የበለጠ የሚያንጨረጭረው። ክፉ ቢሆን ተሳድቦ ይገላገል ነበር።

በመጨረሻ ቀኑ ተቆረጠ። ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ። ሽማግሌው በአፉ አለ፣ አለቃውም ሰማ። ትራስ ቤቱ ገብቶ ለልጁ ሲነግራት ወዲያው ነበር የተደራደረችው። የእቃ አጣቢዋን ልጅ ይዛ ትመጣለች፤ በጓሮው በር ቆማ ዮሐንስን ጥሩልኝ ትላለች፤ የሚወጣው እሱ መሆን አለበት።

«ሌላ ሰው ከወጣስ?» አለችው።

«አይወጣም።»

«ከወጣ እኔ ትምህርት ቤት አልሄድም» አለች፣ ያለ ልቅሶ፣ ያለ ኩርፊያ። የምትለውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ በዚህ እናቷን ነው የምትመስለው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት እትዬ ነገሩን አበላሸችው። የምሳ ሣጥኑ ሁሉ ተከፍቶ፣ ማሽኖቹ ትንሽ ተንፈስ ባሉባት ሰዓት፣ ስልኳን ከክር ሣጥኑ ጋር አስደግፋ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣ ማንም ሳይጠይቃት ስለ ዮሐንስ ስም ማንበቧን አወጀች። ሥሩ የዕብራውያን ነው አለች፣ ዮሐናን። ከዚያ ወደ ግሪኮች ተሻገረ፣ ከግሪኮች ወደየአገሩ ተበተነ፤ በሄደበት ሁሉ የአገሩን ልብስ ለበሰ። እንግሊዝ ጆን፣ ፈረንሳይ ዣን፣ ጣሊያን ጆቫኒ፣ ስፓኝ ሁዋን፣ ጀርመን ሃንስ እያለች ስትቆጥር ትራስ እንቁላሉን እየላጠ በአንድ ጆሮው ነበር የሚሰማት።

«ራሺያ ደግሞ ኢቫን» አለች።

ቦይለር ማኘኩን አቆመ። «ኢቫን እኔ ነኝ» አለ።

ሁሉም ዞሮ አየው። ያን ያህል ዘመን አብረውት ሲበሉ ቦይለር እናቱ ያወጣችለት ስም ይኖረዋል ብሎ ያሰበ አልነበረም። እትዬ ግን አላበቃችም። የመጥምቁን ስም ዓረቦች ያህያ ይሉታል አለች። አሁን ደግሞ ጋሪ እጁን እንደ ተማሪ አነሣ።

ትራስ እንቁላሉ በእጁ እንደተላጠ ቀረ። ቦይለር ከሱ በፊት ነው የገባው። ጋሪም ከሱ በፊት ነው የገባው። አለቃው ራሱን አከከ፣ ጣሪያውን አየ፣ እንደገና አከከ። በመጨረሻ ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ስሙ አንድ ከሆነ ተራው የቦይለር ነው፣ ቀጥሎ የጋሪ፣ ቀጥሎ የትራስ። ቦይለር ገና ጎልማሳ ነው፤ ጤናው ደግሞ እንደሚያነደው ምድጃ ነው። ትራስ በልቡ አሰላው። ተራው እስኪደርሰው ልጁ ልጅ ትወልዳለች።

ረቡዕ ወደ ምድጃው ክፍል ገብቶ ቦይለርን ለመነው። ሙቀቱ ፊት ይለበልባል፤ ቦይለር ግን በርጩማ ላይ ተደላድሎ የግፊት መለኪያውን እያየ ሻይ ይጠጣል። ትራስ ስለ ልጁ ነገረው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ነገረው፣ ስሙ ላንተ ምን ያደርግልሃል አለው።

«ምንም» አለ ቦይለር በቅን ልቡና። «እስከ ትናንት ትዝም አይለኝም ነበር። አንተ እንዲህ ስትንገበገብለት ሳይ ነው ያማረኝ።»

ትራስ ከምድጃው ክፍል ወጣ። እሺ ጋሪን ላሳምን ብሎ ወደ ጭነት ሊፍቱ ሄደ። ጋሪ ይበልጥ ባሰ። እናቱ መካን ተብላ ኖራ፣ ተስፋ ከቆረጠች በኋላ የወለደችው ልጅ ነው፤ ስሙን ያወጣችለት አልቅሳ ነው። እሷ ዛሬ በሕይወት የለችም፤ አሁን አንድ የምጠራበት አጋጣሚ ቢመጣልኝ፣ ይሄንንስ ልተወው? አለው ዓይኑ ውሃ አቅርሮ። ትራስ ስሙን ሊለምነው ሄዶ ሲያጽናናው ቆየና ባዶ እጁን ተመለሰ።

ሐሙስ ትዕግሥቱ አለቀ። ሁሉም ወደ ምሳ ሲሄድ ወደ መስኮቷ ጥግ ሄዶ እትዬ ፊት ቆመ። እሷ አፏ ላይ መርፌ ይዛ ቀይ ክር ትመርጣለች። ጭኗ ላይ የሽማግሌው ሽርጥ ተዘርግቷል፤ ደረቱ ላይ ዮሐንስ የሚል በቀይ ክር የተጠለፈበት፣ በቤቱ ውስጥ ስም ያለው ብቸኛ ሽርጥ። ለነገው ርክክብ ክሩን እያደሰችው ነው።

«እትዬ፣ እኔ ምን በደልኩዎት?» አለ። «በሰላም የተቀመጠ ስም ነበር። ማን ቆፍሩልኝ አለዎት? ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ራሺያ... ዓለሙን ሁሉ ሰብስበው እኔ ላይ ጫኑት እኮ። የቀረ ካለ ዛሬውኑ ይንገሩኝና ልረፍ።»

እትዬ ክሩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየች። የቀረው የሴቶቹ ነው አለችው ቀስ ብላ። ዮሐና፣ ጆቫና፣ ሁዋና፣ ኢቫና።

«ጉድ ፈላ። ደግሞ የእርስዎም ስም እሱ ነው እንዳይሉኝ።»

ለፌዝ ነበር ያለው። እሷ ግን መርፌውን ከአፏ አውጥታ የክር ሣጥኑ ላይ ሰካችው፤ መነጽሯን አወለቀች። በመስኮቱ አንድ ጥንድ ጫማ አለፈ፣ ሌላ ጥንድ አለፈ።

«ጆቫና» አለች። «አባቴ ነው ያወጣልኝ። እዚህ ቤት ስገባ ሮለሩ ራሱ አልተገዛም ነበር። ሽማግሌውን ሥራ ያስለመድኩት እኔ ነኝ።»

ትራስ በልቡ ተራውን እንደገና አሰላ፤ ሰው ክፉ ልማድ አይለቀውም። እሷ የመጀመሪያዋ ናት። ሽማግሌው ራሱ ተራዋን ቀምቷት ኖሯል።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቁጣ አልነበረባትም፤ ቢኖርባት ይሻለው ነበር። «አንተን እንኳን ተይዟል ብለውሃል፤ የተያዘ ስም እንዳለህ አውቀዋል። እኔን ግን እትዬ ክር አምጪ፣ እትዬ ቁልፍ ስፊ። ሽማግሌው ሊሄድ ነው፣ ስሙን ማን ይወርሳል ስትባባሉ ሰነበታችሁ፤ እኔም ምን ይሆን ትርጉሙ ብዬ አየሁት።»

«ምንድን ነው ትርጉሙ?»

«እግዚአብሔር ጸጋውን ሰጠ ማለት ነው። እንዲሁ፣ ያለ ዋጋ የተሰጠ። እናንተ ግን ወረፋ አበጃችሁለት።» ይህን ብላ መነጽሯን መልሳ አደረገች፤ ሽርጡን ከጭኗ አነሣችና ለማንም እንዳይናገር፣ ለሷ አሁን ምንም እንደማያደርግላት፣ ይልቅ ምሳውን ሄዶ እንዲበላ ነገረችው።

ያን ቀን ምሳውን ሳይከፍት ወደ ሮለሩ ሄደ። እሱም እኮ አልጠየቃትም። ስሜን ተቀማሁ እያለ ለዓመታት ሲያማርር፣ ለሷው ሲያማርርላት፣ አንድ ቀን እንኳ አንቺስ ማን ነሽ አላላትም፣ እርስዎስ አላለም። ተናዶ ሄዶ አፍሮ ተመለሰ፤ የዚህም ንዴት ሌላ ነው።

ዓርብ ምሳ ተበላ። አለቃው ለሽማግሌው ከሆቴሉ የተሰጠ ፎጣ አስረከበ፣ ለዕድሜ ልኩ ፎጣ ላጠበ ሰው። ሽማግሌው አመሰገነ። ከዚያ አለቃው ሽርጡን በሁለት እጁ ዘርግቶ ያዘና ጉሮሮውን ጠረገ። ቦይለር ለወጉ ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን በውሃ አስተኝቶ መጥቷል። ጋሪ ከኋላው ቆሟል። ትራስ ሰዓቱን አየ፤ ልጁ መንገድ ላይ ናት። ሽርጡ የቦይለር ከሆነ በሩ ላይ የሚወጣው ቦይለር ነው፤ ይሄ ሁሉ ሆድ ይዞ «አቤት የኔ ልጅ» ሊላት ነው።

ዝም ቢል ምናልባት ቦይለርን ለዛሬ ብቻ ይለምነው ነበር፤ ለአንድ ቀን እሺ አይልም አይባልም። ይህን እያሰበ ወደ መስኮቷ ጥግ አየ። እትዬ አንገቷን ደፍታ የአንሶላ ጠርዝ ትጠቀልላለች፤ ለርክክቡ ነይ ያላት የለም።

«ስሙ የእትዬ ነው» አለ ትራስ።

አለቃው ምን አልክ አለው። ትራስ እንግዲህ ከጀመርኩ ልጨርሰው ብሎ በንዴት ቃል ተናገረ፤ በማን እንደተናደደ ግን ራሱም በውል አላወቀም። ሕግ ሕግ ነው አላላችሁም? ጆቫና ናት፤ እሷም ያው ዮሐንስ ናት። ከቦይለርም ከጋሪም ከሁላችንም በፊት ነው የገባችው። ከጋሽ ዮሐንስም በፊት። በሉ እንግዲህ አስረክቧት።

አለቃው ወደ እትዬ ዞሮ እውነት መሆኑን ጠየቃት፤ ራሷን ነቀነቀች። ሽማግሌው የተጣበቁ ጣቶቹን አየና «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን የሷን ስም ነው የለበስኩት?» አለ። ሽርጡን ከአለቃው እጅ ወስዶ ራሱ አለበሳት። ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ደረሰላት። እትዬ ደረቷ ላይ ያለውን የገዛ ጥልፏን ቁልቁል ስታነበው ጋሪ ማጨብጨብ ጀመረ፤ ቦይለርም ጸጉሩን በከንቱ ማበጠሩ እየቆጨው አጨበጨበ።

ከዚያ ሥራ ተነሣ። ሮለሩ ጋለ፣ ማሽኖቹ አጓሩ። ሽማግሌው ይቺን አንድ ጋሪ አንሶላ ብቻ ልጨርስ ብሎ እንደገና ቦታው ላይ ቆመ። ትራስ ማዶ ቆሞ አንሶላ እያጎረሰ ዓይኑ ከደረጃው አልነቀልም አለው። ጥበቃው ወረደ። በር ላይ ሁለት ሕፃናት ዮሐንስን ጥሩልን ይላሉ አለ። አለቃው ወደ ሽርጡ ጠቆመ። እትዬም ሽርጧን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ እንደ ሙሽራ ቀሚስ፣ ደረጃውን ወጣች።

ትራስ ያኔ በቁሙ አለቀ። ልጁ በሩ ላይ የምታየውን ፊት ሳለው፤ የእቃ አጣቢዋን ልጅ ሳቅ ሰማው። አንሶላውን ትቶ መሮጥ አይችልም፤ ሮለሩ ላይ አንዱ ከለቀቀ ሌላው ነው የሚያዘው፤ ቀዩ ቁልፍ ደግሞ ለአደጋ ካልሆነ አይነካም። ያጎርሳል፣ ያቃስታል። ሽማግሌው ከማዶ ምን ሆንክ የሚል ይመስላል፤ አይሰማም።

ከደረጃው አናት ድምፅ መጣ። እትዬ በዚያ ቤት ጮኻ አታውቅም፤ አሁን ግን ድምፅዋ በማሽኑ ጩኸት ላይ ወጣ።

«ዮሐንስ!»

ትራስ ቀና ብሎ ሽማግሌውን አየ። ጥሩት እንጂ፣ ገና ሄዶም አላለቀ፣ እያለ በልቡ። ሽማግሌውም እሱን አየው። ተያዩ። አንሶላው በመካከላቸው ይነጎዳል።

ሽማግሌው ነው የነቃው። በተጣበቁት ሁለት ጣቶቹ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው። ሮለሩ አቃስቶ ቆመ፤ ሌሎቹም ማሽኖች አብረውት ቆሙ፤ በቤቱ ውስጥ ሰው የራሱን ትንፋሽ መስማት ቻለ።

«ያኔም እንዲህ ነበር» አለ ሽማግሌው ቀስ ብሎ። «እኔ እሱን መስሎኝ፣ እሱ እኔን መስሎት። ሂድ እንጂ ልጄ፣ አንተን ነው።»

ትራስ ደረጃውን እንዴት እንደወጣው አያውቅም። ልጁ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች፤ አጠገቧ የእቃ አጣቢዋ ልጅ አለች፣ አሁንም ያላመነ ፊት ይዛ።

«ስንት ጊዜ ነው የምትጠራው?» አለችው ልጁ። «እሳቸው ወጥተው፣ የትኛውን ነው ብለው ጠይቀውኝ፣ የኔን አልኳቸው። ከዚያ ስትጠራ ዝም ትላለህ።»

«ሌላ ሰው መስሎኝ ነው» አለ፤ እውነቱን ነበር።

የእቃ አጣቢዋ ልጅ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችውና ስሙን ከራሱ አፍ መስማት እንደምትፈልግ ተናገረች። ትራስ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ትንፋሹን ሳበ፣ ለዓመታት ሳይለው የቆየውን ቃል አንዴ በደንብ ልበለው ብሎ ከፍ አድርጎ «ዮሐንስ» አለ።

ማሽኖቹ ቆመው ስለነበር ድምፁ እስከ ታች ዘለቀ። ከታች ሽማግሌው «አቤት» አለ። ከምድጃው ክፍል ቦይለር «አቤት» አለ። ጋሪ ከሊፍቱ፣ እትዬም ከዚያው ከጎኑ «አቤት» አሉ። ከሁሉ በላይ የአለቃው ድምፅ ተሰማ፤ ከነገ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም በስሙ እንደማይጠራ፣ ሁሉም በፊሽካ እንደሚሆን፣ እሱ ደግሞ በዚህ ዕድሜው ሊታመም እንደሆነ ይናገራል።

ልጅቷ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች፤ አባቷ ሲመረረው እንደሚያደርገው። ከዚያ ወደ ጓደኛዋ ዞረች።

«ሰማሽ?» አለቻት። «እዚህ ቤት ትራስ የሚባል የለም።»